ከአረንጓዴው ሥር ያለው ሰማያዊ

ዛሬም ቢሆን ቦንጋ ገበያ አጠገብ ባሉት የቀለም መሸጫዎች ደጃፍ ሳልፍ የቲነር ሽታ ከመታኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ልጅ እያለሁ ይህ ሽታ የደስታ ሽታ ነበር። የፍርሃት ሽታ የሆነው በኋላ ነው፤ እሱም ዝናቡ በበረታበት በአንድ ወቅት።

አባቴ ወንድሙ ይባላል፤ ሹፌር ነበር። የዕድሜውን ግማሽ ለሰው ሲነዳ ኖሮ፣ እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጅማ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቶ መጣ። ሸራው የተቀደደ፣ አንድ መብራቱ የጠፋ፣ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቶ እዚህም እዚያም የሻከረ ሰማያዊ መኪና ነበር። ሻንሲው ዝጎ ስለነበር ተበይዷል፤ ቁጥሩ የተመታበትም ቦታ በብየዳው ሥር ጠፍቷል። እናቴ ዘነበች በራችን ላይ ቆማ ብዙ ካየችው በኋላ ይህ ነገር ከጅማ እስከዚህ እንዴት ሊደርስ ቻለ ብላ ጠየቀች። አባቴ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

በጋ ላይ አባቴ አረንጓዴ ቀለም ገዝቶ መጣና ግቢያችን ውስጥ በብሩሽ ሊቀባው ተነሣ። እኔ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ የሻከረውን ቦታ ላይ ላዩን አሻሽ ነበር። ሰማያዊው ዱቄት ክንዴ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ፣ ምሳ የበላሁበት ሳህን ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ይገኛል። ማታ ማታ አባቴ ጨርቅ በቲነር ነክሮ ጣቶቼን አንድ በአንድ ይጠርግልኛል፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከፊት ጎማው በላይ ያለውን የቀኙን ፓራፋንጎ ጠርዝ የቀባሁት እኔ ነኝ። ብሩሹ አርጅቶ ፀጉሩ ይረግፍ ስለነበር ጥቂቶቹ ቀለሙ ላይ ተጣብቀው ደረቁ። በጣቴ እየዳሰስኩ የራሴን ሥራ በጨለማም አውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ አረንጓዴ መኪና የቤታችን ሰው ሆነ። ወደ ሺሺንዳና ወደ ዋጫ ገበያተኛ ይጭናል፣ የቡና ጆንያ ይጭናል፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትገኝ ደግሞ ሁሉንም አራግፎ እሷን ይዞ ይከንፋል። ትምህርት ቤት በማይኖርበት ቀን ጋቢና ውስጥ በአባቴና በአንዷ ገበያተኛ መካከል ተጣብቄ እሄዳለሁ። የእርጥብ ጆንያ፣ የማርና የናፍጣ ሽታ ተደባልቆ እንቅልፍ ያመጣብኛል። መንገዱ ወደ ጫካው ሲገባ ቀኑ በአንድ ጊዜ ይደበዝዛል፤ የዛፎቹ ቅርንጫፎች ሸራውን እየዳሰሱ ያልፋሉ። ያን ጊዜ ጫካውን አልፈራውም ነበር።

ፍርሃቱ የመጣው በትምህርት ቤት በኩል ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ ዝናብ አስጠልሎን በረንዳ ላይ ተኮልኩለን ሳለ፣ አስቴር የምትባል የክፍሌ ልጅ ከትልልቆች የሰማችውን ታወራ ጀመር። የዋጫው ጋሽ አየለ ላንድሮቨር ከነሹፌሩ ከጠፋ ዓመት አልፎታል አለች። ሹፌሩ የገዛ ልጃቸው አድማሱ ነው። ከዋጫ ተነሥቶ ወደ ሺሺንዳ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ፤ እሱም መኪናውም የት እንደገቡ አልታወቀም። ሰዎች ገድለው ጫካ ውስጥ ጥለውታል፣ መኪናውንም ቀለም ቀይረው ይነዱታል እየተባለ ነው አለች። ፖሊስም እየፈለገ ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መኪናው ሰማያዊ እንደነበር ነገረችን።

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። መኪናው እንደ ሁልጊዜው ግቢ ውስጥ ቆሟል። በቀኙ ፓራፋንጎ ላይ፣ እኔ በቀባሁት ቦታ፣ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ የፋቀው አንድ ጭረት ነበር። ርዝመቱ የጣቴን ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቼው ምንም አልመሰለኝም። ያን ቀን ግን አረንጓዴው ተከፍቶ በመሐሉ ሰማያዊው ሲያየኝ እንደ ዓይን ሆነብኝ።

ጎንበስ ብዬ ጭቃ አነሣሁና ለጠፍኩበት። ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፤ እኔም ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እንደገና እለጥፋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ከጅማ መኪናውን ይዞ የመጣበትን ቀን በልቤ እያገላበጥኩ፣ ከአድማሱ መጥፋት በፊት ነበር ወይስ በኋላ እያልኩ አስባለሁ፤ በኋላ ነበር። ራት ላይ እጆቹን አያለሁ። እንጀራ ቆርሶ ሲያጎርሰኝ ጣቶቹ ከንፈሬን ሲነኩ እደነግጣለሁ። ወዲያው ደግሞ የእኔ አባት እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም እላለሁ። የሚያደርጉትስ ሰዎች ልጅ የላቸውም ወይ? ይሄኛው ሐሳብ ሲመጣብኝ ሳልጠግብ ከማዕዱ እነሣለሁ።

ከዚያ አንድ ፖሊስ ቤታችን መጡ። ሳጅን ታፈሰ ይባላሉ፤ ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አባቴ ወንበር ሰጥቷቸው ለረጅም ጊዜ አወሩ፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ የምሰማው ግማሽ ግማሹን ነበር። መኪናውን ከማን እንደገዛው ጠየቁት። የሸጠለት የጅማ ነጋዴ ከተማውን ለቆ ሄዷል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። የሻንሲ ቁጥሩን አሳየኝ ሲሉት ብየዳውን አሳያቸው። ሲወጡ የመኪናውን ቁልፍ ይዘው ሄዱ፤ አባቴም ከቦንጋ እንዳይርቅና በጠሩት ቁጥር እንዲቀርብ አዘዙት።

የነዚያን ቀናት ያህል ቤታችን ጸጥ ብሎ አያውቅም። አባቴ ጠዋት ይጠራል፣ ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል። እናቴ አንድ ብርድ ልብስ አጣጥፋ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ እስር ቤት ሌሊቱ እንደሚበርድ የሠፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያንን አግዳሚ ነበር። ብርድ ልብሱ በቦታው ካለ አባቴ አልታሰረም ማለት ነው። መንገድ ላይ ሰዎች ሰላምታችንን አልከለከሉንም፤ ግን ከሰላምታው በኋላ ቆመው አያወሩም። አስቴርም ከጎኔ ተነሥታ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ከአልጋዬ ሆኜ የአባቴን ትንፋሽ አዳምጥ ነበር፤ እሱም እንዳልተኛ ይታወቀኛል።

በመጨረሻ ሳጅን ታፈሰ የጠፋው መኪና ባለቤት ራሳቸው መጥተው እንዲያዩት አደረጉ። ጋሽ አየለ ከዋጫ በአውቶቡስ ገቡ። ጠዋቱ ጭጋግ ነበር፤ ግቢያችን ሲደርሱ መጀመሪያ ያየሁት ረጅም ቁመታቸውንና እጃቸው ላይ ያለውን ከዘራ ነው። ገዳይ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ይቆጣል ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሳቸው ግን እናቴን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት፤ አባቴንም ጨበጡት። እጁን ቶሎ አልለቀቁም። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር የሚያነቡ ይመስል ብዙ ቆዩ።

ከዚያ መኪናውን ሳይነኩ አንድ ጊዜ ዞሩት። የቀኙ ፓራፋንጎ ጋ ሲደርሱ ሳጅን ታፈሰ ጎንበስ አሉና ጭቃውን በጥፍራቸው ቀረፉት። ጭቃው በጣት ተጭኖ የተለጠፈ እንጂ መንገድ ላይ የተፈናጠረ አልነበረም። ይህን ማን እንደለጠፈ ጠየቁ። አባቴ አላውቅም አለ፤ እውነቱን ነበር። እኔ ወደ ፊት ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰማያዊው እንዳይታይ ብዬ ነው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። በዚያች ቅጽበት ምን ስጠረጥር እንደከረምኩ እንደገባው ዓይኑ ነገረኝ፤ እስከዛሬ ከዚያ የከበደ አስተያየት ያየኝ ሰው የለም። ሳጅን ታፈሰ ግን አልተቆጡም። አባቴ መኪናውን ሰማያዊ ሆኖ እንደገዛውና ራሱ አረንጓዴ እንደቀባው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደነገራቸው ገለጹልኝ። እኔ ያን ሁሉ ጠዋት ጭቃ ስለጥፍበት የከረምኩት ነገር የታወቀ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነበር፤ ጋሽ አየለም የመጡት ለዚያ ነው።

እሳቸው እንዳስረዱት፣ ያን ጊዜ በእኛ አካባቢ የሚታዩት ላንድሮቨሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ግራጫ፣ ወይ የአሸዋ መልክ ያላቸው ነበሩ። ከፋብሪካው ሰማያዊ ሆኖ የወጣ ከእሳቸው መኪና በቀር አይተው አያውቁም። ብዙ ሰው በኋላ መኪናውን ሰማያዊ ይቀባል፤ የተቀባ ግን ከሥሩ ሌላ ቀለም አለው። የእሳቸው ከሥሩ ምንም የለውም፤ ሰማያዊው ዝገት ከሚከላከለው የመጀመሪያ ቅብ፣ ከአንቲረስቱ ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ በታች አሉሚኒየሙ ነው። ሰው ከላይ ቢቀባውም፣ ብሩሽ የማይገባበት ቦታ የመጀመሪያውን ቀለም ይዞ ይቀመጣል አሉ።

መጀመሪያ የሹፌሩን ወንበር አስነሡ። ከሥሩ ያለው ላሜራ ላይ የእኛ አረንጓዴ አልደረሰም ነበር። አቧራውን በእጃቸው ጠረጉት። ሰማያዊ ነበር። ያልነጣ፣ ደማቅ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ሰማያዊ።

ጋሽ አየለ እጃቸውን ላሜራው ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ። በካፊኖኖ፣ በካፋ ሰው ቋንቋ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሳጅን ታፈሰ አልገባቸውም፤ እናቴም የሰሜን ሰዎች ልጅ ስለሆነች ብዙም አልሰማችውም። እኔ ሰማሁት። ልክ ይሄ ነው ነበር ያሉት። ሳጅን ታፈሰ የሽማግሌውን ፊት አይተው ወደ አባቴ ጠጋ ብለው ቆሙ። እናቴ ወደ ቤት ገብታ ብርድ ልብሱን ይዛ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ደረቷ ላይ አቅፋው ብቻ ቆመች። እኔ የአባቴን ሸሚዝ ጫፍ ይዤ ነበር፤ ሸሚዙ በዚያ ብርድ በላብ ርሷል።

«ፓራፋንጎው ይፈታ» አሉ ጋሽ አየለ።

አባቴ መፍቻ አመጣ። መፍቻው ከቡሎኑ ላይ ደጋግሞ ተንሸራተተበት። ጋሽ አየለ ተቀብለውት እንደ መካኒክ ጎንበስ ብለው ራሳቸው መፍታት ጀመሩ። ፋብሪካው ክፍሎቹን ቀለም ቀብቶ ነው የሚያያይዛቸው አሉ፤ ስለዚህ ከቡሎኑ ጋር በምትታሰረው የብረት ቀለበት፣ በሮንዴላው ሥር ያለው ቀለም አይዋሽም። የመጀመሪያው ቡሎን ወጣ። በቡሎኑ አናት ላይ አረንጓዴው አለ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊው አለ። ሮንዴላውን በቢላ ጫፍ አነሡት።

በሮንዴላው ቦታ አንድ ክብ ቀለም ታየ። ሰማያዊ አልነበረም። ቢጫ ቀመስ ነጭ ነበር፤ ልክ እንደ ቡላ። ሁለተኛውን ፈቱ፤ እዚያም ያው ክብ። ጋሽ አየለ የብርጭቆ ወረቀት ጠይቀው ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ቀስ ብለው ያሹ ጀመር። ሰማያዊው ዱቄት ሆኖ ረገፈ፣ ቡላማው ወጣ፣ ቡላማውም ረግፎ አንቲረስቱ፣ ከዚያም አሉሚኒየሙ አብለጨለጨ። ከወንበሩ ሥር ተመልሰው ሰማያዊውን በቢላ ፋቁት፤ ከሥሩ ያው ቡላማ ቀለም ነበር። የሆነ ሰው፣ የሆነ ጊዜ፣ ወንበሩን አንሥቶ በጥንቃቄ ሰማያዊ ቀብቶታል፤ ቡሎኖቹን ግን አልፈታም።

ቀና አሉ። «የእኔ አይደለም» አሉ። «ይሄ ሲወለድ የአሸዋ መልክ ነበረው። ልጄ ይነዳው የነበረው ይሄ አይደለም።»

ሳጅን ታፈሰ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቁ። ይሄን ጊዜ እሳቸው የፈለጉትን ቢናገሩ የሚከራከራቸው ሰው አልነበረም፤ ስለዚያ ቀለም ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እርግጠኛ ነኝ አሉ። ሳጅኑም የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አባቴ እጅ ላይ አኖሩት።

እኔ በደስታ የምጮህ መስሎኝ ነበር። ግን ጋሽ አየለ የመኪናው መወጣጫ ላይ ሲቀመጡ አየሁ። መፍቻው ከእጃቸው ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገባ። አባቴ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ለእሱ በካፊኖኖ የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ ሰምቻለሁ፤ እንደተገነዘብኩት ይኸውላችሁ።

«ወንድሙ፣ ለአንተ ደስ ብሎኛል። ግን አንተ እንድትሆን ስጸልይ ነው የመጣሁት። አንተ ብትሆን ኖሮ፣ ልጄን የት እንዳስተኛኸው እጠይቅህ ነበር። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።»

አባቴ ትከሻቸውን ያዘ። ካፊያው መውረድ ሲጀምር እናቴ መጥታ ያን ብርድ ልብስ ዘርግታ ሽማግሌው ላይ ጣለችባቸው።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ፓራፋንጎውን መልሶ አሰረና ጋሽ አየለን እስከ ዋጫ ሊያደርሳቸው ተነሣ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጫካው ጋ ስንደርስ አባቴ ሳይነገረው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ጋሽ አየለም መስኮቱን ከፍተው ግራና ቀኝ እያዩ ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጫካ ለእኔ ዛፍ ብቻ አይደለም። ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «እኔ የምሆን መስሎሽ ነበር?» አለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። እሱም በአንድ እጁ ጭንቅላቴን ወደ ጎኑ ስቦ፣ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር አለኝ። ሌላ ጊዜ አንሥቶብኝ አያውቅም።

አድማሱ አልተገኘም፤ መኪናውም አልተገኘም። ጋሽ አየለ ዘመዳችን ሆኑ፤ ቦንጋ በመጡ ቁጥር ቤታችን ያርፋሉ። አባቴ ደግሞ የትም ቦታ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ ካየ ባለቤቱን ሰላም ብሎ፣ አንድ ቡሎን እንዲያስፈታው ይለምን ነበር። አንዳንዱ እንደ እብድ ያየዋል፤ አንዳንዱ ታሪኩን ሲሰማ ራሱ መፍቻ ያመጣል። ጋሽ አየለ ሲሞቱ አባቴ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር። አሁን እሱም የለም።

መኪናው ግን አለ፤ ከቤታችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር። ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ሁለት ወጣቶች መጥተው አዩት። አሮጌ መኪናዎችን እየገዙ ከፋብሪካ ወደ ወጡበት መልክ መመለስ ሥራቸው ነው፤ ደግሞም ይወዱታል። አንደኛው ልጅ በስልኩ እያበራ አንዱን ጠርዝ ሲፍቅ ቡላማው ቀለም ወጣለት። ይህ እንዴት ያለ ብርቅ ቀለም መሰለሽ እትዬ እያለ፣ እንደ ሕፃን እየሳቀ ፎቶ አነሣው። ልጆቼም ከበውት አብረው ሳቁ። ደስ አለኝ፤ ቀለም ሲፋቅ የሚስቅ ልጅ ማየት ያስደስታል። የዛሬው ቦንጋ በባጃጅና በተማሪ የተሞላ ከተማ ነው፤ ከዋጫ የተነሣ ሹፌር ገና ሳይደርስ እናቱ ሦስት ጊዜ ደውላለት የት እንደደረሰ ታውቃለች። ልጆቼ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ እንዲያው ሊቀር ይችላል ብላቸው አያምኑኝም። አለማመናቸውን እወደዋለሁ።

ወጣቶቹ ሲሄዱ አንድ ነገር ለመንኳቸው። በየአገሩ ስትዞሩ ሰማያዊ ካገኛችሁ እስከ ላሜራው ድረስ ፋቁልኝ፤ ሰማያዊው እስከ መጨረሻው ከሄደ ደውሉልኝ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ካፋ ውስጥ ባይሆንም ከወዲያ ማዶ አንድ እንዳለ ሰምተናል፣ ሄደን እናያለን አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስልኬ ሲጠራ ያ የልጅነት ፍርሃቴ ይመለሳል። አድማሱን ፈልገው የሚጠይቁ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል፤ ቢገኝ የምነግረው ሰው የለኝም። ቢሆንም አነሣዋለሁ፤ ከማዶ ያለው ሰው እስኪናገር ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆያለሁ፤ ሰማያዊ እንዲለኝ ልመኝ ወይስ እንዳይለኝ፣ እሱን ግን እስካሁን አላውቅም።